በሙቀት ወር የተሠራ በረዶ

ብስኩት ላይ የፀጉር ስፕሬይ ሲነፋ የሚወጣው ሽታ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል። አሳማሪዋ ከሽታው ጋር ከተዋወቀች ቆይታለች፤ ተዋወቁ እንጂ አልተስማሙም። በኮከብ ቅርጽ የተቆረጡትን ብስኩቶች በሽቦ ወንፊት ላይ ደርድራ፣ ትንፋሿን ያዝ ታደርግና ትነፋለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትተነፍሳለች፤ ተመልሳ ትነፋለች። ስፕሬዩ ሲደርቅ ብስኩቱ አሁን ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ያብረቀርቃል፤ ምራቅ ያስውጣል። ዝንብ ግን አያርፍበትም።

ሥራዋ ይኸው ነው። አንድ የቤተሰብ መጽሔት ውስጥ፣ ፎቶ የሚነሣውን ዕቃና ምግብ ታሳምራለች። በመጽሔቱ ገጽ ላይ ወተት መስሎ የሚታየው ነጭ ሙጫ ነው፤ የላም ወተት ካሜራ ፊት ውሃ ውሃ ይላልና። አይስክሬሙ የተፈጨ ድንች ነው፤ መብራት ቢያፈጥበትም አይቀልጥም። ማሩ የሞተር ዘይት፣ የኬኩ ክሬም የጺም መላጫ አረፋ፣ ኬኩ ራሱ ካርቶን። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ጥበብ ተምራ በማዕረግ የወጣች ልጅ፣ ጣቶቿ ላይ የደረቀ ሙጫ ጠፍቶ ስለማያውቅ ፎቶ አንሺው «ሙጫ» ይላታል። እሷም «አቤት ጋሼ» ትላለች። መልስ ሳይጠፋት ዝም የምትል ሴት ናት። የምትናገረውም ቢሆን ከአፏ ሲወጣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

የመጽሔት ሰው ደግሞ የሚኖረው ከሌላው ሰው ወራት ቀድሞ ነው። የብርዱ ወራት በዓል ዕትም በበዓሉ ሰሞን አንባቢ እጅ እንዲገባ፣ ፎቶው የሚነሣው አስፋልት በሚቀልጥበት የሙቀት ወር ነው። ስለዚህ በቢሮው ውስጥ፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ አንዱ ለአንዱ «ዛሬ በዓል ነው፣ እንዳትረሳ» ይለዋል። «በዓሉን ጨርሰናል እኮ፣ ስለ ጸደይ እናውራ» ይባላል። ማንም አይስቅም፤ ማንም ለማንም አያስረዳም። አፍ ይለምደዋል።

የዚያን ቀን ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

ለፎቶው የተቀጠረችው ሕፃን በዋዜማው ትኩሳት ያዛት። አዘጋጇ፣ ማለትም ትልቁንም ትንሹንም «ማሬ» ብላ የምትጠራው የመጽሔቱ አለቃ፣ ስልክ ደወለችና «ማሬ፣ የእህትሽ ልጅ አምስት ዓመቷ አይደል? ቆንጆ ናት አላልሽኝም? በቃ ይዘሻት ነይ» አለች። እምቢ የሚለው ቃል አሳማሪዋ ከንፈር ላይ እስኪደርስ ስልኩ ተዘግቷል።

እህቷ ነርስ ናት፤ ያን ቀን ተረኛ ነበረች። ሕፃኗን ሚጡ ይሏታል። አባቷ ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። መርከቡ ለጥገና ወደብ የሚይዘው በብርዱ ወራት፣ በበዓሉ ሰሞን ብቻ ስለሆነ፣ ሚጡ አባቷን የምታውቀው ከበዓል ጋር አንድ ላይ ነው። በዓል ሲሆን በሩ ይንኳኳል፣ እሷ ትከፍታለች፣ አባባ ይገባል። ሌላ በዓል አታውቅም።

በቢሮው መኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ አሳማሪዋ ቀዩን የሱፍ ሹራብ ከቦርሳዋ ስታወጣ ሚጡ ወደ መስኮቱ ሸሸች።

«ይሞቀኛል።»

«ለትንሽ ጊዜ ነው የኔ ቆንጆ።»

«ሹራብ የሚለበሰው ሲበርድ ነው። እማዬ ናት ያለችው።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አይቷቸው ሳቀ። «እውነቷን እኮ ነው! እኔ ሸሚዜን ላወልቅ ምንም አልቀረኝም፣ እናንተ ሱፍ ታወጣላችሁ።»

ሰዓቱ እየሄደ ነበር። አዘጋጇ አርፍደው ለሚመጡ ሰዎች «ማሬ» የምትለው ጥርሷን ገጥማ ነው። «ዛሬ በዓል ስለሆነ ነው ሚጡዬ» አለች አሳማሪዋ። ከአፍ ልማድ ወጣ እንጂ አላሰበችውም።

ሚጡ ከመስኮቱ ዞረች። አክስቷን አየቻት፤ ሹፌሩን አየችው። ሹፌሩም አልተቃወመም፤ እሱም የቢሮው ሰው ነው። ከዚያ ሁለት እጇን ሽቅብ ዘረጋችና ጭንቅላቷን ወደ ሹራቡ ውስጥ ሰደደች።

«ጎበዝ!» አለቻት አክስቷ። ልጅ ማግባባት እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብላ ገረማት።

ፎቶው የሚነሣበት ቤት አዘጋጇ ከወዳጇ ለቀኑ የተዋሰችው፣ ደረጃው ጠባብ የሆነ አፓርታማ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሲገቡ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊታቸው ላይ ተለጠፈ። ውጭው ፀሐይ መሆኑ እንዳይታወቅ መጋረጃው ግጥም ተደርጎ ተዘግቷል። ትላልቅ መብራቶች ይነዳሉ። ቬንቲሌተር አለ፤ ግን አይከፈትም። ወለሉ ላይ የተነሰነሰው በረዶ ደረቅ የድንች ቅንጣት ነውና፣ ነፋስ ከነካው የሰው አፍንጫ ውስጥ ነው የሚያርፈው። አረፋው ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ብስኩቱ ስፕሬይ ስፕሬይ ይላል፤ ፎቶ አንሺው ላብ ላብ ይላል። የአዘጋጇ ሽቶ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሆኖ ሁሉንም ያማስላል። አሳማሪዋ በአፏ ነበር የምትተነፍሰው።

«ማሬዎቼ! እንኳን አደረሳችሁ!» ብላ አዘጋጇ እጇን ዘረጋች።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች ሚጡ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ወይኔ ስታምር! ከየት አመጣሻት?» አለች አዘጋጇ። አሳማሪዋም አብራ ፈገግ አለች።

ሌላው ሕፃን የአዘጋጇ የእህት ልጅ ነው፤ ጉንጩ ዓይኑን ሊሸፍን የደረሰ፣ ድንቡሼ የሚሉት ልጅ። አረንጓዴ ሹራብ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ የሱፍ ካልሲ አግተልትለውበት ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ጭስ ሊወጣው ምንም አልቀረው። ንፍጡ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ደርሷል። አዘጋጇ ሶፍት ፈልጋ ስታጣ የራሱን የሹራብ እጅጌ ያዘችና በእሱው ጠረገችው። ከዚያ እጅጌውን ወደ ውስጥ ቀልብሳ «አይታይም» አለች።

አሳማሪዋ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሹራቡ የተዋሱት ነው፤ ነገ አጣጥፋ ወደ ሱቁ የምትመልሰው እሷ ናት። አንድ እናት ገዝታ ለልጇ ታለብሰዋለች።

ጽሑፉ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ፎቶው ብቻ ነው። ርዕሱ «ከልጆችዎ ጋር በቤትዎ የሚያሳልፏቸው የበዓል ሰዓታት» ይላል። መጀመሪያ የወረቀት በረዶ መቁረጥ ነበር። «ልጆችዎ በገዛ እጃቸው ሲሠሩ የሚሰማቸውን ኩራት ይመልከቱ» ይላል ጽሑፉ። ወረቀቶቹን ግን አሳማሪዋ ትናንት ቤቷ ቆርጣ ጨርሳቸዋለች። ልጆቹ በአንድ እጃቸው የደነዘ መቀስ፣ በሌላው ያለቀለት ወረቀት ይዘው ለካሜራው ይስቃሉ።

«እኔ እኮ መቁረጥ እችላለሁ» አለች ሚጡ።

«ትችያለሽ ማሬ፣ ግን አትቁረጪ።»

«ታዲያ መቀሱ ለምንድነው?»

«ለመያዝ።»

ሚጡ አክስቷን ቀና ብላ አየቻት። አክስቷ ጎንበስ ብላ የወረቀቱን ጫፍ አስተካከለች።

ቀጥሎ ኬኩ ከወተት ብርጭቆዎች ጋር መጣ። ድንቡሼ ማንም ሳያየው ጣቱን እስከ አንጓው ወደ አረፋው ከተተና አፉ ውስጥ አስገባ። ፊቱ ተጨማደደ። «ሳሙና ሳሙና ይላል!» ብሎ ምንጣፉ ላይ እንትፍ አለ። «ውሸታሞች! ኬክ አይደለም!»

«ኬክ ነው ማሬ» አለች አዘጋጇ። «የሚታይ ኬክ ነው።»

«የሚታይ ኬክ አልፈልግም! የሚበላ ነው የምፈልገው!»

«ጎበዝ ከሆንክ በኋላ እሰጥሃለሁ። አንቺ ማሬ፣ ምንጣፉን!»

አሳማሪዋ ተንበርክካ ጠረገች። ምራቁና አረፋው በጨርቁ ውስጥ ለብ ብሎ ጣቶቿ መሃል ተጨመቀ። ድንቡሼ ከላይ ሆኖ በአዘኔታ ያያታል። «አንቺም ቅመሺው፣ ያስጠላል» አላት።

ሚጡ ግን በዚህ ሁሉ መሃል ሌላ ዓለም ውስጥ ነበረች። ላቧ ከግንባሯ ላይ ሲንቆረቆር አልጠረገችውም፤ ይሞቀኛል አላለችም። ቁጭ በይ ሲሏት ትቀመጣለች፣ ሳቂ ሲሏት ትስቃለች፤ ሳቋ ደግሞ እንደ ፎቶ ልጆች ሳቅ ጥርስ ብቻ አልነበረም። በየመሃሉ ወደ በሩ ዞር ትላለች። ዞር ባለች ቁጥር ፊቷ ላይ አንድ ነገር ቦግ ይላል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከዓይኑ አውርዶ በሸሚዙ እጅጌ አንገቱን ጠረገ።

«ሙጫ፣ ይቺ ልጅ ሌላ ናት። ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ዓይን አላየሁም። ምን አብልተሻት ነው የመጣሽው?»

«ምንም ጋሼ» አለች አሳማሪዋ፤ ኩራትም ቢጤ ተሰማት።

የሚጡን ኮሌታ ልታቃና ስትጎነበስ የሹራቡ ኪስ አብጦ አየች። እጇን ስትከት ከኮከብ ብስኩቶቹ አንዱን አገኘች፤ በላብ ረጥቦ ስፕሬዩ ተልጧል።

«ይሄ አይበላም ሚጡዬ።»

«እኔ ልበላው አይደለም። ለአባባ ነው።» ሚጡ ብስኩቱን ከአክስቷ እጅ መልሳ ወሰደች። «ሲመጣ ይርበዋል።»

«መቼ ሲመጣ?»

«ዛሬ ነዋ! በዓል አይደል እንዴ?»

አሳማሪዋ እንደተጎነበሰች ቀረች። መኪናው ውስጥ የተናገረችው ቃል አሁን ገና ጆሮዋ ውስጥ ገባ፤ ልክ ሌላ ሰው የተናገረው ያህል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰዓት በሱፍ ተጠቅልላ የተቀቀለችው ለካሜራው ሳይሆን ለአባቷ ነው። የሚንኳኳ በር እየጠበቀች ነው።

ተነሥታ አዘጋጇን ወደ ወጥ ቤቱ በር ጠራቻትና በሹክሹክታ ነገረቻት። አዘጋጇ መጀመሪያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ውይ የኔ ሚስኪን!» አለች። ከዚያ ዓይኗ ጠበበ። አሳማሪዋ ያን ዓይን ታውቀዋለች፤ አዘጋጇ ጥሩ ርዕስ ስታገኝ የምታሳየው ዓይን ነው።

«አሁን እንዳትነግሪያት።»

«ግን እኮ...»

«ማሬ፣ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ነሽ በዓል ነው ያልሻት? ግማሽ ሰዓት ነው የቀረን። የሽፋኑ ፎቶ አልወጣም። ከጨረስን በኋላ ቀስ ብለሽ ትነግሪያታለሽ፣ ከረሜላ እንገዛላታለን። ልጅ አይደለች?»

አሳማሪዋ መልስ ነበራት። መልሱን እንደያዘች ተመልሳ ሄደችና፣ ብርሃን የሚመልሰውን ትልቅ ነጭ ሰሌዳ አንሥታ ከሚጡ ፊት ያዘችው። ለምን እንደያዘችው በኋላ ብዙ ጊዜ አስባበታለች፤ ክንዷ ለምዶት ነው ከማለት ሌላ ምክንያት አላገኘችለትም። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ የሚጡን አገጭ፣ ከአገጯ ላይ የሚንጠባጠበውን ላብ ታያለች። አዘጋጇ ከካሜራው ጎን በርከክ ብላ ድምፅዋን እንደ ስኳር ውሃ አቅጥናለች።

«ሚጡዬ፣ አባባ ሲመጣ ምን ትይዋለሽ?»

«እንኳን ደህና መጣህ እለዋለሁ።»

«ከዚያስ ማሬ?»

«ከዚያ ጫማውን አወልቅለታለሁ። ከዚያ ተሸከመኝ እለዋለሁ።»

«ውይ! በየትኛው በር ነው የሚገባው?»

«በዚያኛው!»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል ካሜራው። የሚጡ ፊት ያበራል። ድንቡሼ ኮፍያውን አውልቆ አፉን ከፍቶ አዘጋጇን ያያል። «አክስቴ፣ የእሷ አባት ነው የሚመጣው? የኔስ?» አለ። «ዝም በል አንተ» አለች አዘጋጇ፣ ያለ ማሬ።

ከዚያ አዘጋጇ ስልኳን አውጥታ የሆነ ነገር ጻፈች። ለማን እንደጻፈች አሳማሪዋ አላየችም። ያወቀችው በሩ ሲንኳኳ ነው።

ሚጡ ከተቀመጠችበት ተፈናጥራ ተነሣች። ወደ በሩ ከመሮጧ በፊት ግን ለአንድ አፍታ ባለችበት ቆመች። እጆቿ ደረቷ ላይ ተጣበቁ፤ አፏ ተከፈተ፤ ዓይኗ ሳሎኑ ውስጥ ካሉት መብራቶች ሁሉ በለጠ። ቀጭ። ሮጠች። በተነሰነሰው ድንች ላይ ተንሸራተተች፣ ተነሣች፣ እጀታውን በሁለት እጇ ጎትታ ከፈተች።

ሹፌሩ ነበር። የውሃ ጠርሙስ በላስቲክ አንጠልጥሎ ቆሟል። «አንኳኩተህ ግባ ስላላችሁኝ ነው» አለ ግራ ገብቶት። «ቀዝቃዛ ውሃ አምጥቻለሁ።»

ሚጡ በሹፌሩ ጎን አንገቷን አሰገገችና ደረጃውን አየች። እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ አየች። «አባባ ታች ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ሹፌሩ ወደ አዘጋጇ ተመለከተ። ካሜራው አሁንም ቀጭ ይላል። ፎቶ አንሺው የመጨረሻዋን አነሣና ካሜራውን ዝቅ አድርጎ «ወጥታለች» አለ። «መጀመሪያ ላይ፣ ስትነሣ። ሽፋናችሁ ወጥታለች።» አዘጋጇ እጇን አጨበጨበች።

አሳማሪዋ ሰሌዳውን ለቀቀችው። ድንቹ ላይ ወድቆ ነጭ አቧራ ቦነነ። ወደ በሩ ሄዳ ከሚጡ ፊት ተንበረከከች። የተናገረችው በዚያች ትንሽ ድምፅዋ ነው፤ ሹፌሩ ግን አጠገባቸው ስለነበረ ሰምቶ ጠርሙሱን እንደያዘ ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«ሚጡዬ፣ ዛሬ በዓል አይደለም። አባባ ዛሬ አይመጣም።»

«አንቺ ነሽ በዓል ነው ያልሽው።»

«እኔ ነኝ።»

«እሷም እንኳን አደረሳችሁ ብላለች።»

«ብላለች። ውሸት ነው።»

ሚጡ ዞራ ሳሎኑን አየች። ወለሉን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች። «በረዶውስ?»

«ድንች ነው።»

«ወተቱስ?»

«ሙጫ ነው።»

«ኬኩም ሳሙና ነው» ብሎ ድንቡሼ ከሶፋው ላይ መሰከረ። «እኔ ቀምሼዋለሁ።»

ታለቅሳለች ብሎ ሁሉም ሰው ጠበቀ። አላለቀሰችም። ያን ጊዜ የምታለቅስ ልጅ ብትሆን ይሻል ነበር። ብስኩቱን ከኪሷ አውጥታ፣ ሰው አደራ ሲመልስ እንደሚያደርገው፣ አክስቷ እጅ ውስጥ አስቀመጠች።

«ጎበዝ! አላለቀሰችም እኮ!» አለች አዘጋጇ ከኋላ። «ዓይኗ ካልቀላ፣ እንግዲያው የቀረችውን ፎቶ፣ በብርድ ልብስ የተሠራውን የልጆች ድንኳን፣ ቶሎ ብለን እንጨርስ።»

«አይሆንም» አለች አሳማሪዋ።

«ምን አልሽ ማሬ? አልሰማሁሽም።»

«አይሆንም። የበሩም ፎቶ አይወጣም።»

አዘጋጇ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የሚያስጠላውም ይኸው ነው። መጥታ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «ሞቆሻል። ሂጂ፣ ዕረፊ። እናየዋለን እሺ?»

አሳማሪዋ የሚጡን ሹራብ አወለቀች። ሱፉ አንገቷ ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ ከሥሩ ቆዳዋ ሽፍ ብሎ ቀልቷል። በውስጥ ካናቴራዋ ብቻ ይዛት ወጣች። ደረጃው ላይ እጇን ዘረጋችላት። ሚጡ እጁን አየችውና የደረጃውን ብረት ያዘች።

ማታ እህቷ ከሥራ ስትገባ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቢያንስ ሁሉንም የነገረቻት መስሏታል። ነርሷ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማት። «ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች» አለች። «አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ።»

ዕትሙ ማተሚያ ቤት እስኪገባ አሳማሪዋ ወደ አዘጋጇ ቢሮ እየተመላለሰች ያንን ፎቶ እንዳያወጡት ለመነች። በሄደች ቁጥር «እሺ ማሬ» ተባለች። የታተመው መጽሔት በካርቶን መጥቶ ሲከፈት ሽፋኑ ላይ ሚጡ ቆማለች፤ እጆቿ ደረቷ ላይ፣ አፏ ክፍት፣ ዓይኗ ከካሜራው ባሻገር። ላቧን በኮምፒውተር አጥፍተውላታል። ጉንጯን ብርድ እንደነካው አቅልተውታል። ከግርጌዋ በትልቅ ፊደል «እውነተኛ ደስታ፣ በቤትዎ!» ይላል። የማተሚያው ቀለም ገና አልደረቀም ነበርና ጣቷ ላይ ቀረ። መታጠቢያ ቤት ገብታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ከዚያ ዕቃዋን ሰብስባ፣ ላትመለስ ወጣች። የተሰናበተችው ሹፌሩን ብቻ ነው።

ነርሷ በበኩሏ መጽሔቱን ስታይ እንባዋ መጣ። «የኔ ልጅ! ሽፋን ላይ!» ብላ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አሳየች። ሽፋኑን በመቀስ ቆርጣ የፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ለጠፈችው። አሳማሪዋ ከእህቷ ቤት በሄደች ቁጥር ፍሪጁን ሳታይ ለማለፍ አንገቷን ታዞራለች።

ብርዱ ገባ። እውነተኛው በዓል ደረሰ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አሳማሪዋና ሚጡ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ይቆርጡ ነበር። መስኮቱ በእንፋሎት ደፍኗል። ምድጃው ውስጥ ነርሷ ያቦካችው ብስኩት አለ፤ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ሌላ ምንም የሌለበት። የመጀመሪያው ትሪ ሲወጣ ሚጡ አንዱን አንሥታ ነበር። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው፣ አክስቷን ሳይሆን እናቷን «ይሄ የሚበላ ነው?» ብላ ጠየቀች። «ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል?» ብላ እናቷ ሳቀች። ሚጡ ብስኩቱን አስቀመጠችው። አሳማሪዋም አልበላችም። ሽታው ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን ከጥሩ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ መፈለግ ለምዳለች፤ ስትፈልግም ታገኘዋለች።

ሚጡ ወረቀቱን አራት አጥፋ በጥንቃቄ ትቆርጣለች። መቀሱ የሚቆርጥ መቀስ ነው። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታለች።

በሩ ተንኳኳ።

«ሚጡ!» ብላ ነርሷ ከመኝታ ቤት ጮኸች። «ሚጡዬ ክፈቺ! አባባ ነው!»

መቀሱ መንገዱን አልሳተም። «ሌላ ሰው ነው» አለች ሚጡ፣ ቀና ሳትል።

አሳማሪዋ «እውነት ነው፣ አባባ ነው» ልትላት አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ከእሷ አፍ የሚወጣ «እውነት ነው» ምን ዋጋ አለው? በበሩ በኩል እህቷ ስትሮጥ፣ መቀርቀሪያው ሲከፈት፣ ሳቅና ልቅሶ ሲደባለቅ ተሰማ። ከዚያ አባትየው ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ብርዱን ይዞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከትከሻው ላይ በረዶ ይቀልጣል።

«የታለች የኔ እመቤት? በር ከፋቼ የታለች?»

ሚጡ ቀና ብላ ከጫማው ጀምራ እስከ ፀጉሩ ድረስ አየችው። «ቆይ፣ ልጨርስ» አለችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

አባትየው መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ መስሎት እጁን እንደዘረጋ ጠበቀ። ሲቆይ እጁን ዝቅ አደረገ። ነርሷ ከኋላው «አፍራ ነው፣ ስትጠብቅህ ነው የከረመችው» አለች። እሱም ከነካፖርቱ ወለሉ ላይ፣ ከልጁ ወንበር አጠገብ ቁጢጥ አለ። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ዓይኑ ወዲህ ወዲያ ሲል ፍሪጁ ላይ አረፈ።

«ይቺ ደግሞ!» አለ፤ ፊቱ በራ። «ሚጡዬ ናት? አቤት ስታምር! ማንን አይታ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«ለመጽሔት ተነሥታ ነው» አለች ነርሷ። «አክስቷ ናት የወሰደቻት። ሽፋን ላይ እኮ ነው የወጣችው!»

«እንደዚህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ይሄንንስ በፍሬም ነው የማሰቅለው።»

አሳማሪዋ የያዘችውን ወረቀት አስቀመጠች። ዱሮ ቢሆን ፈገግ ብላ ታልፈው ነበር። አሁን ግን ፎቶው በፍሬም ተሰቅሎ፣ ሰውዬው በመጣ ቁጥር እየኮራበት፣ ልጅቷ ከሥሩ እየበላችና እየተኛች ስታድግ ታያት፤ ያ ሳሎን ከነሽታው እዚህ ቤት ሲገባ።

«አንተን ነው የምታየው» አለች።

«ማን?»

«እሷ። አንተ መጣህ ብለዋት... ብለናት ነው። በር አስንኳኩተንባት ነው።»

ድምፅዋ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ቀረ። አባትየው አንገቱን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ፤ ፊቱ ላይ ፈገግታው ገና አልጠፋም። ነርሷ በሩ ላይ እንደቆመች «አሁን ይሄን ማን ጠየቀሽ?» በሚል ዓይን አየቻት። አሳማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የወረቀት ቁርጥራጮች እያየች «ያኔ በሙቀቱ ጊዜ» ብላ እንደገና ጀመረች። ያኔ መቀሱ ቆመ።

ሚጡ ወንበሯ ላይ ዞራ ነበር። አባቷን አላየችውም። የአክስቷን አፍ ትክ ብላ ታያለች።

«አልተሰማውም» አለች ሚጡ። «ጮክ ብለሽ ንገሪው።»